አያ ጅቦ በየትኛው ሣጥን ይግባ?

እኔ 31 ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ለገቢ ደብዳቤ ቁጥር ስሰጥ፣ ለወጪ ደብዳቤ ቁጥር ስሰጥ፣ ፋይል ሲጠፋ ስሰደብ፣ ሲገኝ ሳልመሰገን ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለዚህ ነገርን በየፈርጁ ማስቀመጥን ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም ነበር። ይኸው በስተርጅና አራተኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጄ የቤት ሥራ ተፈትኜ ከአሥር ስድስት አመጣሁ። ስድስቷም ብትሆን የእሷ ናት፤ የተሠረዙት የእኔዎቹ ናቸው።

ማክሰኞ ማታ ነው። ሚጣ ወረቀቷን ይዛ መጣችና «አባባ፣ ይኼን አሠራኝ» አለችኝ። እናቷ እስከ ዛሬ አንቱ ነው የምትለኝ። አንቱታ ከእኔ ጋር አብሮ ጡረታ መውጣቱን ያወቅሁት ይቺ ልጅ አፏን የፈታች ጊዜ ነው። መነጽሬን አምጥታ፣ በሹራቧ ወልውላ፣ ይባሱን አደብዝዛ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ሣጥን ተሥሏል። አንደኛው «ፌሪ ቴል»፣ ሁለተኛው «ፌብል»፣ ሦስተኛው «ሚት» ይላል። ከሥር የተረቶች ስም ተደርድሯል፤ እያንዳንዱን በየሣጥኑ መክተት ነው። ስምንቱ የባሕር ማዶ ናቸው። መጨረሻ ላይ ሁለት ባዶ መስመር አለ፤ «ከአገራችሁ ሁለት ጨምሩ» ይላል። ተረት እራታችን ሆኖ ያደርንበት ሌሊት ስንት ነው! ሁለት መስመር! ለምራቂ እንኳ አይበቃም።

«ሦስቱም ተረት ነው፤ አንድ ሣጥን ይበቃል» አልኳት።

«አባባ፣ እንደሱ ካልን ዜሮ ነው የምናገኘው» አለች። «ካልን» ማለቷን ልብ በሉልኝ። ዜሮው የጋራ ነው።

እኔ ግን እውነቴን ነው። በእኛ ቋንቋ ተረት የማይሸፍነው ነገር የለም። ሕፃን የሚያስተኛው ተረት ነው። ሽማግሌ ዕርቅ ሲያወርድ መሐል ላይ ጣል የሚያደርጋት አንዲት ዓረፍተ ነገርም ተረት ናት፤ «ሲተርቱ» ይባላል። ዘንድሮ ደግሞ ስድብ ሆኗል፤ «ተረትህን ተወኝ» ማለት ውሸትህን ተወኝ ማለት ነው። የተማሩት በእርግጥ ለይተውታል። ተረት አለ፣ አፈ ታሪክ አለ፣ ሐተታ ተፈጥሮ የሚሉትም አለ። ብቻ «እማዬ፣ ሐተታ ተፈጥሮ ንገሪኝና ልተኛ» ያለች ሕፃን እስካሁን አልገጠመችኝም።

በመጀመሪያው ሣጥን ጀመርን። ፌሪ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ክንፍ ያላት ትንሽዬ ሴት ናት፤ በዱላዋ ነካ ታደርግና ሁሉን ነገር ትለውጣለች።» እሺ። ዝርዝሩ ላይ ባለ ቀይ ቆቧ ልጅ አለች። እዚያ ውስጥ ክንፍ ያላት ሴት የለችም፤ ያለው ተኩላ ነው። ተኩላው ደግሞ ያወራል። የሚያወራ እንስሳ ካለ ፌብል ነው ብሎ ወረቀቱ ራሱ ከላይ ጽፏል። ታዲያ ይቺ ልጅ የት ትግባ? ሚጣ «ፌሪ ቴል ነው፤ ሁሉም ሰው ያውቃል» አለች። «ሁሉም ሰው ያውቃል» የሚል ማስረጃ በ31 ዓመት አገልግሎቴ ተቀብዬ አላውቅም። ወረቀቱን ይዤ፣ ልጅቱን አስከትዬ ወደ መምህር ወረድኩ።

መምህር ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። እሳቸው ሁለተኛ ፎቅ፣ እኛ አራተኛ። ኮንዶሚኒየሙ አሳንሰር የለውም፤ ዕውቀት ሲያምረኝ ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ስጠግብ እያለከለክሁ ሽቅብ እወጣለሁ። ቡና ላይ ደረስንባቸው። ያለ ስኳር ጠጣሁ። ሐኪም ስኳሩን ብቻ ሳይሆን ነጭ ዳቦንም ጨምሮ ከልክሎኛል፤ ልጄ ዳቦ የምታስቀምጥበትን ቁም ሣጥን እንደ ባንክ ካዝና ነው የምትጠብቀው።

መምህር ነገሩን ከሥሩ ያዙት። ሻርል ፔሮ የሚባለው ፈረንሳዊ ባለ ቀይ ቆቧን ልጅ እ.ኤ.አ በ1697 ሲያሳትማት ተኩላው ይበላታል። በላት፣ አለቀ። አዳኝ የለም፤ ሆድ ቀዶ የሚያወጣት የለም። ከዚያ ፔሮ ሆዬ በግጥም ምክር ይጨምርበታል። ምክር ካለውና እንስሳው ካወራ ፌብል ላለመሆን ምን ጎደለው? አዳኝ መጥቶ የተኩላውን ሆድ በመቀስ ቀዶ ልጅቱን ከነአያቷ የሚያወጣት ጀርመኖቹ ወንድማማቾች ግሪሞች እ.ኤ.አ በ1812 ባወጡት መጽሐፍ ነው።

ሲንደሬላም ያው ናት። የመስታወት ጫማው፣ ሠረገላ የሚሆነው ዱባ፣ የክርስትና እናቷ የሆነችው ፌሪ፣ ይኼ ሁሉ ፔሮ ዘንድ ነው። ግሪሞች ዘንድ ፌሪ የምትባል የለችም፤ በእናቷ መቃብር ላይ የበቀለ ዛፍና ወፍ ናቸው የሚያለብሷት። እህቶቿ ጫማው እንዲገባላቸው አንዷ ጣቷን፣ አንዷ ተረከዟን ትቆርጣለች። ኋላ ባሳተሙት ላይ ደግሞ ርግቦች መጥተው የሁለቱንም ዓይን ያወጣሉ። ሚጣ በቴሌቪዥን ያየቻት ሲንደሬላ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ደም የለችም፤ አይጦች ልብስ እየሰፉ ይዘፍናሉ። የዛሬ ልጅ በምን ይቃዣል? እኛ ስንቃዥ እንኳ የምንቃዥበት በቂ ምክንያት ነበረን።

ግሪሞቹም ራሳቸው ሲፍቁና ሲደልዙ ነው የኖሩት። በመጀመሪያው መጽሐፋቸው ስኖው ኋይትን ልታስገድላት የተነሣችው የወለደቻት እናቷ ናት። በኋላ እናት እንዲህ አታደርግም አሉና እንጀራ እናት አደረጓት። ይቺ ሴት በየትም አገር አላለፈላትም። እኛ ዘንድ ስሟ ላይ እንኳ እንጀራ አለበት፤ ተረቱ ላይ ግን የምትታወቀው እንጀራውን ስትከለክል ነው። እኔን ያሳደገችኝ እንጀራ እናት ናት። ከመቀነቷ ቆሎ ሲፈታ እንጂ የተመረዘ ፖም ሲወጣ አላየሁም። ይኼን ለሚጣም ለመምህርም ተናግሬ፣ እንዲመዘገብልኝ ጠይቄ ነው ወደ ቀጣዩ ያለፍኩት።

እንደ መዝገብ ቤት ሰው ካያችሁት የዚህ ዓይነቱ ተረት ትልቁ ጉድለት አድራሻ የለውም። ቀን የለው፣ ቁጥር የለው። ከዕለታት አንድ ቀን፣ በአንድ አገር፣ አንድ ንጉሥ ነበረ። የትኛው ቀን? የትኛው አገር? ንጉሡ ማን ይባላሉ? እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ቢደርስ ለላኪው ነበር የምመልሰው። መምህር ግን «ውሉ እኮ እሱ ነው» አሉኝ። ተራኪው አድራሻ አይሰጥም፣ ሰሚው አይጠይቅም። ልጅቱ ልዕልት ሆና በሠርግ ያልቃል፤ ከሠርጉ በኋላ ኪራይ ማን እንደሚከፍል ትንፍሽ የሚል የለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሙያ ባልደረባ አገኘሁ። አንቲ አርኔ የሚባል የፊንላንድ ሰው እ.ኤ.አ በ1910 ተረቶችን ሰብስቦ በተራ ቁጥር አስገብቷቸዋል። በኋላ አሜሪካዊው ስቲዝ ቶምሰን አስፋፋው፤ እ.ኤ.አ በ2004 ደግሞ ጀርመናዊው ሃንስ ዮርግ ኡተር እንደገና አደራጀው። ሲንደሬላ 510 ኤ ናት። የእንስሳት ተረቶች ከ1 እስከ 299 ይዘዋል። ባለ ቀይ ቆቧ ልጅ 333 ናት፤ የሚያወራ ተኩላ ቢኖርባትም ከእንስሳቱ ተርታ ሳይሆን ከአስማቱ ተርታ ናት። ሚጣ «አላልኩህም?» አለች። ምን ያለ ሥርዓት ነው! ዓይኔ እንባ ሊያቀር ምንም አልቀረው። ሆኖም ቁጥሩን ወደድኩት እንጂ ልቤ አልተቀበለውም፤ ጉዳዩን ለጊዜው «በመታየት ላይ» ብዬ አሳደርኩት።

ሁለተኛው ሣጥን ቀላል ነበር። ጥንቸልና ኤሊ፣ ቀበሮና ወይን፣ ተኩላና በግ፤ የኤዞፕ ናቸው፤ ግቡ አልናቸው፣ ገቡ። ፌብል ሥራ ያለው ተረት ነው። ፌሪ ቴል እንደ ሙሽራ አምሮና አጊጦ፣ እየተጎማለለ ይሄዳል፤ ፌብል ግን ተላላኪ ነው፤ መልእክቱን አድርሶ በእግሩ ይመለሳል። ቀበሮዋ ስንት ልጆች እንዳሏት፣ ኤሊው ሩጫውን ካሸነፈ በኋላ ምን እንደ ሆነ ማንም አይነግረን። እንስሳው አንድ ጠባይ ብቻ ነው የተሰጠው፤ ጅቡ ሆዳም፣ ጦጣዋ ብልጥ፣ አህያዋ ምስኪን። ዕድገት የለ፣ ዝውውር የለ።

መልእክቱ ደግሞ የሚላከው ፊት ለፊት ሊናገሩት ለማይደፍሩት ሰው ነው። ነፃ የወጣ ባሪያ የነበረው ፋይድሮስ የሚባል ሮማዊ ባለ ቅኔ ፌብል የተፈጠረው ባሪያ የልቡን በግልጽ መናገር ስለማይችል ነው ብሏል። ይኼን ለመረዳት ሮም ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም። እኔ የነበርኩበት መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ አዲስ ኃላፊ ከሌላ ቦታ ተዛውረው መጡ። በሦስተኛው ቀን ቢሯቸው ምንጣፍ እንዲነጠፍ አዘዙ። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አቧራቸውን እያራገፉ «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ…» አሉና ተዉት። ቁርበቱ ላይ እንኳ አልደረሱም። ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊውም አብረውን ሳቁ። የገባቸው ማታ ቤታቸው ሲደርሱ ይመስለኛል፤ በማግስቱ አዛውንቱ ወደ መጋዘን ተዛወሩ።

እነሆ አንድ ሙሉ ፌብል፤ ጅቡ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ትዕቢቱ አለ፣ ያውም በግማሽ ዓረፍተ ነገር። ፈረንጆቹ ተረቱን ለብቻ፣ ምሳሌያዊ ንግግሩን ለብቻ ያስቀምጣሉ። እኛ ሁለቱንም ተረት ያልነው ስንፍና ይዞን አይደለም፤ አንዱ የሌላው ዐጥንት መሆኑን ስለምናውቅ ነው።

ይህ ኤዞፕ የሚሉት ሰው ራሱ ባሪያ ነበር። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ጌታው በሳሞስ ደሴት የሚኖር ኢያድሞን የሚባል ሰው ነው፤ ኤዞፕ የሞተውም የዴልፊ ሰዎች ገድለውት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ፕላኑዴስ የሚባል የቁስጥንጥንያ መነኩሴ ደግሞ ኤዞፕ ጥቁር ነበር፣ ስሙም «ኢትዮጵያዊ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ብሎ ጽፏል። ሊቃውንቱ አይቀበሉትም። እኔም አልከራከርም፤ ብቻ ባለሥልጣን በተረት ነክቶ ከተገደለ ዘመድነቱ ያን ያህል ሩቅ አይመስለኝም።

ከዚያ መምህር አንድ ነገር ነገሩኝና ሲኒዬን አስቀመጥኩ። በዚያው በኢያድሞን ቤት፣ ይላል ሄሮዶቱስ፣ ከኤዞፕ ጋር ሮዶፒስ የምትባል ሴት ባሪያ ነበረች። ኋላ ወደ ግብፅ ተወስዳ እዚያ ስመ ጥር ሆነች። ከብዙ ዘመን በኋላ ስትራቦን የሚባለው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስለዚችው ሴት ሰዎች የሚያወሩትን ያወራል። ገላዋን ስትታጠብ ንስር መጣ፤ አንድ እግር ጫማዋን ከገረዷ እጅ መንትፎ በረረ፤ ሜምፊስ ላይ በአደባባይ ዳኝነት የተቀመጠው ንጉሥ ጭን ላይ ጣለው። ንጉሡም በጫማው ቅርጽ ተደንቆ ባለቤቷን በአገር ሁሉ አስፈለገ፤ ተገኘች፤ አገባት። ሲንደሬላ! ያውም ዱባም ፌሪም ሳይጨመርባት፣ ፔሮ ከመወለዱ ከ1,500 ዓመት በላይ ቀድማ! የፌብሉ አባትና የሲንደሬላዎቹ ታላቅ እህት በአንድ ጌታ ግቢ አብረው ውኃ ቀድተዋል። እኛ ደግሞ በ2 ሣጥን ለያይተን እንድናስቀምጣቸው እንታዘዛለን።

ጉዱ ግን ሦስተኛው ሣጥን ነው። «ፐርሲየስና አንድሮሜዳ» ይላል ዝርዝሩ። ሚጣ «አባባ፣ አንድሮሜዳ እኮ የኢትዮጵያ ልዕልት ናት» አለችኝ፣ የአጎቷን ልጅ እንዳገኘች። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ ነው የሚሉት፤ ቢሆንም ስሙ ስማችን ነውና እዳውም የእኛ ነው። እዳው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሆሜር በኢሊያድ መጀመሪያ ላይ ዜኡስ አማልክቱን ሁሉ አስከትሎ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ መሄዱን ይናገራል። የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው። አሥራ ሁለት ቀን! አንድ አማት ሦስት ቀን ሲከርም ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ እንደገባ እኔ አውቃለሁ። ሆሜር እንከን የሌለባቸው ሕዝቦች ብሎ ያመሰግናል እንጂ ወጪውን ማን እንደቻለው አያነሣም።

ፋኤቶን የሚሉትም አለ። የፀሐይ ልጅ ነው። የአባቱን ሠረገላ ለምኖ ይነዳል፤ ፈረሶቹ ያመልጡታል፤ ወደ ምድር ቀርቦ አገሩን ሁሉ ይለበልባል። የሮማው ኦቪድ እንደሚተርከው ኢትዮጵያውያን የጠቆሩት ያን ዕለት ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ጎረምሳ ባደረሰው አደጋ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ካሳ የጠየቀልን የለም።

ሚት እንግዲህ እንዲህ ነው። ሰው ለምን ጠቆረ፣ ሰማይ ለምን ነጎደ፣ ኮከቡ እዚያ ለምን ተሰቀለ ለሚለው መልስ ይሰጣል። አንድሮሜዳም በመጨረሻ ኮከብ ሆናለች። እናቷ ካሲዮፔያ ከባሕር ልዕልቶች ሁሉ እበልጣለሁ ብላ ተመጻደቀች፤ የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ አውሬ ላከ፤ አውሬው እንዲበርድለት ልጅቱ ከቋጥኝ ጋር ታሰረች፤ ፐርሲየስ ደርሶ አውሬውን ገደለና አገባት። እናት አፏን ከፈተች፣ ልጅ ታሰረች። ይኼ ደግሞ ለማንም አዲስ አይደለም።

መምህር ሳቁና «ሌላ የታሰረች ልጅ አታውቁም?» አሉኝ። ኤኖ ሊትማን የሚባል ጀርመናዊ ምሁር እ.ኤ.አ በ1904 ያሳተመውን የአክሱም ትረካ አወሩልን። ሕዝቡ ለዘንዶ ይገብራል፤ የመጀመሪያ ሴት ልጁን ሳይቀር ይሰጣል። ተራው ደረሰና እትዬ አዜብ የምትባለውን ልጅ ዛፍ ላይ አሰሯት። ከዛፉ ሥር ቅዱሳን መጥተው አረፉ፤ የልጅቱ እንባ ጠብ አለባቸው፤ ዘንዶው ሲመጣ በመስቀል መትተው ገደሉት። ደሙ ግን ተረከዟ ላይ ነጠበና እግሯ የአህያ ሰኮና ሆነ። ያቺ ልጅ ነግሣ፣ እግሯን የሚፈውስላት ፍለጋ ኢየሩሳሌም ወደ ሰሎሞን ሄደች። ንግሥተ ሳባ ማለት ናት። እኔ የማውቀው ሌላው ነው፤ አርዌ የሚሉትን ዘንዶ የገደለው አንጋቦ ነው፤ መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ። እንግዲህ ቅዱሳኑ አክሱም የደረሱት ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ነው፤ ሰሎሞን የነገሠው ከልደት በፊት በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በመካከሉ 1,400 ዓመት የሚያህል ጉድጓድ አለ። ትረካው ጉድጓዱን ቁልቁል ሳያይ ዘሎታል። እንደገና ደግሞ እግር! ሲንደሬላ በእግር፣ ሮዶፒስ በእግር፣ ንግሥታችንም በእግር። ይኼን ያስተዋለ ጫማ ሰፊ ሀብታም በሆነ ነበር።

ሚጣ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሥዕል ቀና አለች። መምህር ቤት ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ዘንዶውን እየወጋ ተሰቅሏል፤ እላይ ጥግ ላይ ዛፍ አለ፤ ዛፉ ላይ ከዘንዶው የሚያድናት ብሩታዊት አለች።

«አባባ፣ ይኼስ የትኛው ሣጥን ነው?»

መምህር እኔን አዩኝ። እኔ ሲኒዬን አየሁ። «ሂጂና እጅሽን ታጠቢ» አልኳት። እጇ ንጹሕ ነበር።

ጥያቄው ግን ሌሊቱን ሁሉ አላስተኛኝም። የታሰረች ልጅ፣ አውሬ፣ የሚደርስላት ጀግና፤ ሦስቱ ዘንድ ዐጥንቱ አንድ ነው። አንዷን ሰማይ ላይ አሻቅበን እናያታለን፤ አንዷን ስለ አክሱም ሲወራ አብረን እናወራታለን፤ ለሦስተኛው ግን ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በየወሩ በ23 ጫማዋን አውልቃ ትቆምለት ነበር። ዊልያም ባስኮም የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ በ1965 በጻፈው ላይ መለያው እምነት ነው ማለቱን መምህር ነግረውኛል። ባለቤቶቹ እውነት ነው፣ ቅዱስም ነው ብለው የሚቀበሉት ሚት፤ እውነት ነው ብለው በሰው ታሪክ ውስጥ የሚያውሉት አፈ ታሪክ፤ ፈጠራ መሆኑን አውቀው የሚደሰቱበት ተረት። የወረቀቷ ሣጥን ውስጥ ይኼ የለም፤ እንስሳ ካወራ እዚህ፣ አምላክ ካለ እዚያ ነው የሚለው።

በእኔ ቋንቋ ልበለው። ደብዳቤው አንድ ሆኖ የሚለየው ምሪቱና ማህተሙ ነው። ፌሪ ቴል ማህተም የሌለው የግል ደብዳቤ ነው። ፌብል «ለአስፈላጊው እርምጃ» ተብሎ የተመራ ነው። ሚት ከበላይ የመጣ ነው፤ ቆመህ ነው የምትቀበለው። ማህተሙን የሚመታው ደግሞ ጸሐፊው ሳይሆን ተቀባዩ ሕዝብ ነው። ማህተም ይደበዝዛል። ዜኡስ ዛሬ የአራተኛ ክፍል የቤት ሥራ የሆነው ማህተሙ ስለለቀቀ ነው። በዘመኑ ከሲንደሬላ ጎን ያሰለፈው ሰው ቢኖር በሰላም ውሎ አይገባም ነበር። የማን ማህተም ነገ እንደሚለቅ ደግሞ… እጅሽን ታጠቢ ብያለሁ!

ዘንድሮ ማህተሙ ራሱ ተቀላቅሏል። ሰው በስልኩ የመጣለትን ሁሉ ቆሞ ይቀበላል፣ ለ10 ሰው ያስተላልፋል፤ አያቱ የነገሩትን ግን «ተረትዎን ይተዉኝ» ይላል። እኔ አያ ጅቦ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ዜና ነው ብሎ የነገረኝ ግን አልነበረም።

ወደ ሁለቷ ባዶ መስመር እንመለስ። አንዷ ላይ አርዌን ጻፍን። ሁለተኛዋ ላይ የታክሲዋን ተረት አልኩ። ውሻ፣ ፍየልና አህያ ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሒሳቧን ከፍላ ወረደች። ፍየል ሳትከፍል ዘላ አመለጠች። ውሻ ትልቅ ብር ሰጥቶ መልስ ሳይቀበል ታክሲው ጥሎት ሄደ። ለዚህ ነው መኪና ሲመጣ ፍየል የምትበረግገው፣ ውሻ መልሴን እያለ የሚያባርረው፣ አህያ ግን ክላክሱን ብታስጮኹትም ከመሐል አስፋልት የማትነቃነቀው። ከፍላለች፤ ምን አገባት!

ሚጣ ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ጠየቀች፤ የት ይግባ? እንስሳት ስላሉበት ፌብል ነው። ግን ምክሩ ምንድን ነው? ታክሲ ክፈሉ? ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ስለሚመልስ ሥራው የሚት ነው። ታክሲ የሚሳፈር ፍየል ስላለበት አስማትም ነው። ታክሲ ከመጣ ወዲህ የተወለደ ስለሆነ ደግሞ «ጥንት» የሚባል ነገር አልነካካውም። በመዝገብ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን የምናደርገው ይታወቃል። እርሳስ አነሣሁና አራተኛ ሣጥን ሣልኩ፤ በላዩ ላይ «ልዩ ልዩ» ብዬ ጻፍኩ። በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሆዱ የተነፋው ፋይል «ልዩ ልዩ» ነው፤ እውነተኛው ጉዳይ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። አህያዋን ከተትኩ፣ አርዌን ከተትኩ፣ አንድሮሜዳን ከተትኩ፣ በመታየት ላይ የነበረችውን ባለ ቀይ ቆቧንም ጨመርኩ። ሚጣ «አባባ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለች። 31 ዓመት አልኳት።

ዓርብ ዕለት ወረቀቱ ተመለሰ። ሣጥኔ በቀይ እስክሪብቶ ከጥግ እስከ ጥግ ተሠርዟል፤ ጎኑ ላይ «መመሪያውን አንብቢ» ይላል። ይግባኝ ልል ካፖርቴን ደርቤ ደረጃው ላይ ስደርስ ልጄ መለሰችኝ። «አባዬ፣ እባክዎ አያሳፍሩን።» ተመለስኩ። ለነገሩ አራት ፎቅ ነው።

ማታ ሶፋ ላይ ኩርፊያዬን ለብሼ ተቀምጫለሁ። የእኔ ልጆች በዚህ ሰዓት አባባ ተስፋዬን ነበር የሚጠብቁት፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ፊት ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለው፣ እሳቸው «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ እንደ አንድ ሰው እየመለሱ። እሳቸውም በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። በየትኛው ሣጥን እንዳሉ ሳይነግሩን ስንቱን ተረት አሰሙን!

ሚጣ መጥታ ጎኔ ተሸጎጠች። «አባባ፣ ዜሮ ያገኘነውን ንገረኝ።»

«ተረት ተረት» አልኩ።

ዝም አለች።

«የላም በረት ነው የሚባለው!»

«በረት ምንድን ነው?»

አስረዳኋት። ላም ማደሪያ። «ፓርኪንግ በለው» አለች። እሺ አልኩ፤ ምን አደርጋለሁ። አያ ጅቦን ነገርኳት፤ ቁርበቱን፣ ቀጥሎ ጦጢትን፣ ቀጥሎ አርዌን ከነፍየሏ፤ እትዬ አዜብን ከነሰኮናዋ። አንድም ጊዜ የትኛው ነው ብላ አልጠየቀችም። ዓይኗ ሲከደን አይቼ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብዬ ዘጋሁ።

ያልተኛች መሆኗን ያወቅሁት ብድግ ስትል ነው። ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ፣ ቁም ሣጥን ሲከፈት ተሰማኝ። የነጭ ዳቦ ቁራሽ ይዛ መጣች። ትኩስ ነው። ከንፈሬን በቀኝም በግራም አበሰችልኝና የቀረውን አፌ ውስጥ ከተተችው።

«አባዬ! ስኳርዎ!» አለች ልጄ ከበሩ ላይ።

የተረቱ ሥርዓት ነው አልኳት። አፌ ሙሉ ስለነበር ግን በደንብ አልተሰማትም።